ዩኒቨርሲቲ የመረጥንበት ሳምንት

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት የመጣ ዕለት እናቴ እልል ስትል ጎረቤቶቻችን ላማችን መንታ የወለደች መስሏቸው ሮጠው መጡ። «ልጄ አለፈች!» አለቻቸው። አንዷ «የትኛዋ? ያች አርፋ የማትቀመጠው?» ብላ ጠየቀች። እኔው ነኝ። አርፌ አልቀመጥም፤ ግን አልፌያለሁ። ዘንድሮ ከትምህርት ቤታችን በተፈጥሮ ሳይንስ ያለፍነው ሁላችን አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ብንደረደር ቦታ ይተርፈናል። ስለዚህ ኮራሁ ብል ማንም አይፍረድብኝ።

ይህን የምጽፈው ግን ስለ ውጤቱ አይደለም። ከዚያ በኋላ ስለ መጣው ሳምንት ነው። ውጤቱን ማን እንዳመጣው ሁሉም ያውቃል፤ የት እንደምማር ማን እንደሚመርጥ ነበር ያልታወቀው።

መማር የምፈልገው ሶፍትዌር ምሕንድስና ስለሆነ፣ ኮምፒዩተር የሚባለው ነገር ከየት መጣብሽ ይሉኛል። ከሮብ ገበያ ነው የመጣብኝ። ሮብ ገበያ ከጮቄ ተራራ ሥር ያለች የወረዳችን ከተማ ናት፤ ገበያዋም ስሟ እንደሚለው ረቡዕ ነው። አክስቴ እዚያ ሞባይል ቤት አላት። ስልክ ቻርጅ ታደርጋለች፣ ሚሞሪ ላይ ዘፈንና መዝሙር ትጭናለች። እኔ ከስምንተኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርት ሲዘጋ በየገበያው እሷ ዘንድ እሠራ ነበር። ገበሬው ሚሞሪውን በመሐረብ ጠቅልሎ ያመጣና «መዝሙሩን አስቀድሚልኝ፣ ዘፈኑን ወደ ኋላ አርጊው፤ የንስሐ አባቴ ስልኬን ሲነኩት ጭፈራ እንዳይወጣብኝ» ይለኛል። ችግሩ ስልኩ በገዛ ፈቃዱ ነው የሚደረድረው። ቁጥር ብሰጠው አንድን አጫውቶ ወደ አሥር ይዘላል፤ ሁለት ከአሥራ ዘጠኝ በኋላ ይመጣል። አንድ ገበያ ሙሉ ስበሳጭ ዋልኩ። በሚቀጥለው ረቡዕ ከነጠላ ቁጥሮቹ ፊት ዜሮ ጨመርኩባቸው። ዜሮ አንድ፣ ዜሮ ሁለት እያልኩ። ሁሉም ቦታ ቦታውን ያዘ!

አክስቴ «ምን አረግሽው?» አለችኝ።

«ዜሮ ሰጠሁት።»

«ዜሮ ደግሞ ምን ይጠቅማል?»

«ይኸው አየሽው!»

ማንም አላስተማረኝም። ያን ቀን ማሽን አዛዡን ካገኘ እንደሚታዘዝ ገባኝ፤ እኔ ደግሞ ማዘዝ እወዳለሁ።

አባቴ ገበሬ ነው፤ ገብስና ድንች ያበቅላል። ቁጥር ያውቃል፣ ስሙን ይፈርማል፣ ከዚያ በላይ አልተማረም። አሥራ አንደኛንና አሥራ ሁለተኛን ደብረ ማርቆስ ከሁለት ልጆች ጋር ቤት ተከራይቼ ስማር ስንቄን በየቅዳሜው ያመጣልኝ የነበረው እሱ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቅዳሜ አላጎደለም። መንገድ በተዘጋ ጊዜ እንኳ ከረጢቱን ተሸክሞ በእግሩ መጥቷል። ክረምት ክረምት እንጀራው ሐሙስ ሳይደርስ ይሻግታል፤ እኔም የሻገተውን እየቆነጠርኩ ጥዬ የቀረውን እበላለሁ። ለአባቴ ግን ነግሬው አላውቅም።

እንግዲህ ውጤቱ መጣና ዩኒቨርሲቲዎቹን በቅደም ተከተል መሙላት ተጀመረ። አባቴ ነገሩን በአንድ ቃል ጨረሰው።

«ቅርቡን ሙዪ። እኔም ቅዳሜ ቅዳሜ እመጣለሁ።»

«አባየ፣ ዩኒቨርሲቲ እኮ ካፌ አለ። ያበሉናል።»

«የካፌ ወጥ ወጥ ነው?»

«ቀምሰኸው ታውቃለህ?»

«የቀመሱት ከስተው ሲመጡ አይቻለሁ።»

የእኔ ምርጫ ሩቁ ነበር፤ ከአዲስ አበባም ወዲያ ያለው። ፎቶውን ቴሌግራም ላይ አይቼዋለሁ፤ ሕንጻው ከላይ እስከ ታች መስታወት ነው። እውነቱን ልናገርና፣ ከመስታወቱም በላይ የወደድኩት ርቀቱን ነው። ሩቅ የሄደ ሰው የተማረ ይመስለኝ ነበር። እናቴ ደግሞ ከሁለታችንም ጋር ተራ በተራ ትስማማለች። ከእኔ ጋር ስትሆን «ልጅቱ ትሂድ እንጂ፣ ከብት ናት እንዴ ታስራ የምትውል» ትላለች፤ ከእሱ ጋር ስትሆን «መንገዱ እንደ ድሮው ነው? አንድ ቀን ይከፈታል፣ ሦስት ቀን ይዘጋል» ትላለች።

ምርጫው የሚሞላው በኢንተርኔት ስለሆነ፣ እኛ ሰፈር ደግሞ ኔትወርክ ሲፈልግ ብቻ ስለሚመጣ፣ ለሁላችንም የሚሞላልን ማርቆስ ያለው የትምህርት ቤታችን የአይሲቲ መምህር ነበር። ቅዳሜ ዕለት ዝርዝሬን በወረቀት ጽፌ ሄድኩ። ወረቀቱን እንኳ አልተቀበለኝም።

«ያንቺማ ተሞልቷል» አለኝ።

«ማን ሞላው?»

«አባትሽ ትናንት ደውለው ነበር። ቅርቡን አንደኛ አድርግላት አሉኝ፤ አደረግኩ።»

«ቲቸር፣ የመፈተኛ ቁጥሩ የማነው?»

«ያንቺ።»

«ፈተናው ላይ የተቀመጠው ማነው?»

«አንቺ።»

«ታዲያ ምርጫው የአባቴ የሆነው በየት በኩል ነው?»

ሳቀ። ከዚያ መሳቁ እንዳልጣመኝ አይቶ ተወው። «ምላስሽ ከውጤትሽ ይበልጣል» አለኝ። «ስሚኝ፤ ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል። እስከዚያ አባትሽን ይዘሽ ነይና ፊታቸው ላይ እቀይርልሻለሁ። ነገ መጥተው ልጄን አስኮበለልክ እንዲሉኝ አልፈልግም።»

የይለፍ ቃሉን ይስጡኝ ብዬ ለመንኩት፤ አልሰጠኝም። ስድስት ቀን ነበረኝ።

ቤት ስደርስ አባቴ ደጃፍ ላይ ቀንበር ይጠርባል። ቀና ብሎ አላየኝም፤ አለማየቱ ማወቄን ማወቁ ነበር።

«ሰረቅኸኝ» አልኩት።

«አባት ልጁን ይሰርቃል?»

«አንተ ሰረቅህ።»

እናቴ ከውስጥ «በስመ አብ! አንች ልጅ፣ አፍሽን ያዥ!» ብላ ወጣች። አባቴ ግን አልተቆጣም። መጥረቢያውን አስቀመጠና ጥቂት አሰበ። «ዳኛ እንቀመጥ» አለ። «የእናትሽ ወንድም ይፍረደን። እሱ ያለውን እንሠራለን። ትስማሚያለሽ?»

እኛ ዘንድ ሁለት ሰው ካልተስማማ ዳኛ ይፈልጋል፤ በበሬም ይሁን በድንበር። በዩኒቨርሲቲ ዳኛ የተቀመጠ ሰው ግን ከእኛ በፊት አልሰማሁም። አጎቴ ዲማ በሚባለው ደብር ቅኔ የሚያስተምር መሪጌታ ነው፤ የወለዳቸው ልጆቹ እንኳ የኔታ ነው የሚሉት። አባቴ የተማመነው በአጎቴ ሽምግልና ነው፤ ይህን ያህል የቤተ ክርስቲያን ሰው ሴት ልጅ ትራቅ አይልም ብሎ። እኔ የተማመንኩት ወጣትነቱን ሙሉ ከአገር አገር እየዞረ መማሩን ስለማውቅ ነው። ስለዚህ እሱም ያሸነፈ መስሎት፣ እኔም ያሸነፍኩ መስሎኝ፣ ሰኞ ማለዳ አብረን ተነሣን። ከማርቆስ ቢቸና በሚሄድ መኪና ሄደን የቀረውን በእግራችን ደረስን።

አጎቴ ከጎጆው ደጅ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ተማሪዎቹ ዙሪያውን ከበውታል። አንዱ ቆሞ ያዘጋጀውን ቅኔ ይናገራል። አጎቴ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጥና ድንገት እጁን ያነሣል፤ ልጁ ያቆማል። የተበላሸችውን አንዷን ቃል አውጥቶ ለምን እንደማትሆን ይነግረዋል፤ «እንግዲህ አንተው መልሳት» ይለዋል። ልጁ ላብ በላብ ሆኖ ይመልሳታል። አልሆነችም። እንደገና። አልሆነችም። እኛ ቆመን እንጠብቃለን፤ ለእንግዳ ብሎ እርማት አያቋርጥም። በአራተኛው ሆነችና ወደ እኛ ዞረ።

«እህ፣ የሮብ ገበያ ሰዎች! ማን ሞተ?»

«ኧረ ማንም አልሞተ የኔታ» አለ አባቴ።

«ታዲያ ፊታችሁን ተዝካር የመጣ ሰው ፊት ያስመሰለው ምንድን ነው?»

አባቴ ጉዳዩን አቀረበ። ቅርቡን፣ መንገዱን፣ ስንቁን፣ ሴት መሆኔን። እኔ ተከተልኩ። ሩቁን፣ ሕንጻውን፣ መስታወቱን። አጎቴ ሁለታችንንም አስጨርሶ አባቴን ጠየቀው።

«መምህሩ ማነው?»

«የቱ መምህር?»

«የሚያስተምራት ነዋ!»

«እ… ብዙ ናቸው አሉ። ሕንጻው እንኳ ትልቅ ነው።»

«ሕንጻ ያስተምራል?»

በአባቴ ልስቅ አፌን ስከፍት ወደ እኔ ዞረ። «አንችስ? የመረጥሽው ቦታ መምህሩ ማነው?»

«ፎቶውን አይቻለሁ።»

«የመምህሩን?»

«የ… ሕንጻውን።»

ተማሪዎቹ ሳቁብኝ። ያ ቅድም አራት ጊዜ የተሳሳተው እንኳ ሳቀ።

«እሱ በቅርበት መረጠ፣ አንች በርቀት መረጥሽ» አለ አጎቴ። «ሁለታችሁም የለካችሁት መንገድ ነው። ስለ ትምህርቱ ማን ጠየቀ?»

ከዚያ የራሱን ነገረን። የልመና እህል መያዣ አኩፋዳውን አንግቶ ጉባኤ ቤት ሲፈልግ ይዞር በነበረበት ጊዜ አንድ መምህር ዘንድ ሲደርስ ቶሎ አይገባም ነበር። ከደጅ ተቀምጦ እርማቱን ያደምጣል። «የሚያሞግስ መምህር ሞልቷል» አለ። «ስሕተትህን ነቅሶ፣ ለምን ስሕተት እንደሆነ ነግሮ፣ መልሳት ብሎ የሚጠብቅህ ግን ጥቂት ነው። እንዲህ ያለውን አንዱን አግኝቼ ሰባት ዓመት ተቀምጫለሁ። ሳላድር የሄድሁበትም አለ። ሩቅ ይሁኑ ቅርብ አላስታውሰውም።»

ፍርዱን ሲሰጥ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እዚያ የሚማሩትን ልጆች ጠይቂ። ምግቡን አይደለም፣ አልጋውን አይደለም። ሲሳሳቱ ማን እንደሚያርማቸው ጠይቂ። ከዚያ አንችው ምረጭ፤ አባትሽ አብሮሽ ሄዶ ያስለውጣል።»

«እሷው?» አለ አባቴ።

«የሚማረው ማነው?»

ቅዳሜ ለመምህሩ ያልኩትን ነበር የኔታ የደገመው! ግን መሳቂያ ሆኜ ስለነበር ዝም አልኩ።

ረቡዕ ገበያ ነው። ከአክስቴ ሱቅ በላይ ኔትወርክ የሚይዝበት ጉብታ አለ። በገበያ ቀን ሰዉ ሁሉ እዚያ ወጥቶ ስልኩን ወደ ሰማይ ይዘረጋል። ከዲማ ስንመለስ ማርቆስ ላይ ከቴሌግራም ግሩፖች ቁጥር ለቃቅሜ ነበር። መጀመሪያ ሩቁ ዘንድ ደወልኩ። አንድ ሦስተኛ ዓመት የደረሰ ልጅ አነሣ። ሕንጻውን፣ ዋይፋዩን፣ ከተማውን አወራኝ።

«ኮድ ስትጽፉ ብትሳሳቱ ማን ያርማችኋል?» አልኩት።

«እንዴት ማለት?»

«ስትሳሳቱ።»

«እ… ውጤት ይለጠፋል።»

«ስሕተቱስ?»

«ስሕተቱ አይለጠፍም» አለና ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። የወራት ሕልሜ ነበር፤ መስታወቱ ሲሰበር ድምፁን የሰማሁት ያህል ተሰማኝ።

ቅርቡ ዘንድ ያገኘኋት ልጅ ቅን ነበረች። «የሚያርም አለ፣ የማያርምም አለ፤ እንደ ደረሰሽ ነው» አለችኝ። ማሰስ ቀጠልኩ። ስድስተኛው ቁጥር ላይ አንዲት ቆጣ ያለች ሴት አነሣች፤ የአምስተኛ ዓመት የሶፍትዌር ምሕንድስና ተማሪ ነበረች።

«ማነሽ? ኮምፒዩተር ላብ ውስጥ ነኝ፣ ቶሎ በይ።»

«ስትሳሳቱ ማን ያርማችኋል?»

ረጅም ሳቅ ሳቀች። «ማን ነገረሽ ስለሱ?»

«ስለማን?»

«የኔ እናት፣ እዚህ አንድ መምህር አለ። ኮዳችሁን ወረቀት ላይ አትማችሁ አምጡ ይላል። ቀይ እስክሪፕቶ ይዞ መስመር በመስመር ይወርድበታል። አስተካክሎም አይሰጥሽም፤ ለምን እንዳልሆነ ጽፎ ይመልስልሻል። መጀመሪያ የመለሰልኝን ወረቀት አይቼ ሽንት ቤት ገብቼ አልቅሻለሁ። አሁን እሱ ሳያየው ምንም አላስረክብም።»

«ቢሄድስ? ቢቀየርስ?»

«እሱ ያረማቸው ልጆች ራሳቸው እዚሁ ረዳት መምህር ሆነዋል። ያው ቀይ እስክሪፕቶ ነው የያዙት።»

«ሕንጻውስ?»

«ሕንጻ? ዝናብ ሲመጣ ባልዲ እንደቅናለን። በይ ቻው!»

ይህ ዩኒቨርሲቲ በእኔ ዝርዝር አሥራ አንደኛ ነበር። ከማርቆስ አንድ ቀን ሙሉ በመኪና ይወስዳል፤ የአባቴን ያህል አይቀርብ፣ የእኔን ያህል አይርቅ። ከጉብታው ስወርድ እየሮጥኩ ነበር።

ሐሙስ አባቴ ድንች ሲቆፍር አገኘሁት። ሁሉንም ነገርኩት፤ ባልዲውንም ሳልደብቅ። መቆፈሩን አላቆመም።

«ስንቅ አይደርስበትም» አለ።

«አይደርስም።»

አንድ ድንች አነሣ፣ አፈሩን አራገፈ፣ መልሶ አስቀመጠው።

«ሁሉንም መስመር ያየዋል አልሽ?»

«መስመር በመስመር።»

«መልሺው ይላል?»

«መልሺው ይላል።»

«እንደ የኔታ።»

«እንደ የኔታ።»

ከዚያ በኋላ ብዙ ቆፈረ። እኔ አርፌ መቆም ስለማልችል አብሬው እለቅም ነበር። ጆንያው ሲሞላ አፉን እያሰረ «ነገ በጠዋት እንነሣ» አለ።

ዓርብ መኪና አልነበረም። መንገዱ ተዘግቷል የሚልም አለ፣ ሊከፈት ነው የሚልም አለ። በእግር ጀመርን። አባቴ እነዚያን ሁሉ ቅዳሜዎች ያለፈበትን አቋራጭ ያውቀዋል፤ የት ምንጭ እንዳለ፣ የት ውሻ እንዳለ። እኔ አላውቀውም ነበር። ከኋላው ስከተለው ይህን ሁሉ ዳገት ከረጢት ተሸክሞ እንደወጣው አሰብኩና ሰረቅኸኝ ያልኩት ቃል ትዝ አለኝ። አላነሣሁትም፤ እሱም አላነሣውም። እኩለ ቀን ገደማ ድንች የጫነ አይሱዙ አገኘንና ጆንያው ላይ ወጣን። ከመናኸሪያው በባጃጅ ትምህርት ቤቱ ስንደርስ ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። መብራት የለም።

መምህሩ «ሲመጣ ነው እንግዲህ» አለን። ደጁ ላይ ተቀመጥን። አባቴ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ አምፖሉን አፍጥጦ ያያል፤ በሬ ሲጠፋበት ተራራውን እንደሚያየው። አሥር ሰዓት ሆነ። አሥር ተኩል ሆነ። እኔ ተነሣሁ፣ ተቀመጥኩ፣ ተነሣሁ። ለአሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ ሲል አምፖሉ በራ።

መምህሩ ኮምፒዩተሩን እየከፈተ «እህ፣ አባት፣ ምን ወሰኑ?» አለ።

አባቴ ተነሣ። ሊያስረዳ፣ ሊያስተባብል፣ በመንገድ ሊያሳብብ ይችል ነበር። ሴት ልጅ አስቸገረችኝም ሊል ይችል ነበር። እንዲህ ነው ያለው፤

«እኔ ያስሞላሁት ስሕተት ነው። ለምን ስሕተት እንደሆነ አሁን ገብቶኛል። ይታረም።»

በሕይወቴ አባቴ ተሳሳትኩ ሲል ስሰማ ያ የመጀመሪያዬ ነው፤ ያውም በሰው ፊት። መምህሩ ከወንበሩ ተነሣና «ነይ፣ ራስሽ ሙዪው» አለኝ። ተቀመጥኩ። ጣቴ አልተሳሳተም። አባቴ በትከሻዬ ላይ ጎንበስ ብሎ «አንድ ቁጥር ያለባት ያች ናት?» አለ። «ናት» አልኩት። «በይ ተጫኛት» አለኝ።

ምደባው ሲወጣ አንደኛ ምርጫዬ ደረሰኝ። ምሕንድስናው የሚለየው ከመጀመሪያው ዓመት በኋላ ስለሆነ ገና በውጤት ልታገልለት ነው፤ እታገላለሁ። አሁን ሻንጣዬን እያዘጋጀሁ ነው። ባለፈው ረቡዕ ከአክስቴ ሱቅ ሆኜ አባቴ ከሰዎች ጋር ቆሞ ሲያወራ ሰማሁት። አንዱ «ሴት ልጅ እንዲያ አርቀህ ሰደድህ አሉ?» አለው።

«ቆይ ልንገርህ» አለ አባቴ። «መጀመሪያ እኔ ቅርቡን አስሞላሁ። ተሳሳትሁ። ዓርብ ዕለት ማርቆስ ወርጄ አሳረምሁ!» ሌላው ሰው ድሉን በሚያወራበት ድምፅ አባቴ ስሕተቱን ያወራል። ወዲያውም የዚያን ሰውዬ ልጅ አንሥቶ «ያንተስ ልጅ የት ሞላ? መምህሩ ማነው?» ብሎ አፋጠጠው። ሰውየው ስለ ሕንጻው መናገር ሲጀምር እኔ ሱቅ ውስጥ ሆኜ አፌን ያዝኩ።

ትናንት ቅዳሜ ነበር። አባቴ እንደ ልማዱ ማለዳ ተነሥቶ ወጣ፤ ስንቅ የሚወስድለት ሰው ግን የለም፤ እኔ ቤት ነኝ። ከሰዓት በኋላ ተመልሶ አንድ ትንሽ ፌስታል ሻንጣዬ ላይ አኖረ። ከፈትኩት። ቀይ እስክሪፕቶ ነው፣ አንድ ፓኬት ሙሉ።

«ለመምህሩ ነው» አለ። «ካለቀበት ትሰጭዋለሽ።»

ፓኬቱን ከልብሶቼ መሐል ሸጎጥኩት።

ሊወጣ በሩ ጋ ደርሶ ዞር አለ። «ይህስ እንደ እንጀራው አይሻግትም» አለኝ።